ድንኳን በብስክሌት

ድንኳኑን ጠቅልዬ ከኮርቻው ኋላ
በከመነዳሪ ሳጠብቀው፣ ሳላላ፣
እትዬ ጀማነሽ ከበራቸው ወጡ፣
ነጠላ ዘቅዝቀው፣ ከንፈር እየመጠጡ።
«ማን ሞተ?»
«ማንም።»
«እንግዲያ ማን ዳረ?»
«ማንም።»
«ኧረ ወዲያ! ሳይሞት፣ ሳይዳር፣
ድንኳን ምን ሊሠራ ይዞራል በአገር?»
«ልንተኛበት ነው» አልኩ።
ግቢዬን አዩና፣ ጣሪያዬን አዩና፣
«ቤትህ ምን ሆነ?» አሉ።

ሐረጎ አይለመንም፤ ጥምዝምዝ ነው አንጀቱ፣
አንዱን ዞርኩት ስትል ይተካል ታናሽ እኅቱ።
ሙህዬ ከፊት፣ አራጋው ከመሐል፣
እኔ ከጭራቸው፣ ሳንባዬ ሲፋጅ እንደ ከሰል።
ሲኖትራክ አልፎን ጥቁር ጭሱን ሲተፋ፣
ረዳቱ በመስኮት፦ «በርቱ! ወርጄ ልግፋ?»
ፌዝ ይሁን ቅናት፣ ለሱ ትቼለታለሁ።
እኔ የማውቀው፣
ሳምንት ሙሉ ከፈትል ክፍል የጋትኩት የጥጥ ብናኝ
ከሦስተኛው ኩርባ በኋላ፣ በሳል በሳል፣
ከደረቴ ሲለቅ ነው።

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ላይ፣
ሦስት ፓስቲ፣ ሦስት ሻይ።
ከዚያ ጦሳ። መንገዱ መንገድነቱን ረሳ፣
ድንጋይ ብቻ ሆነ፤ ጎማ አላነሳ።
እስከዚያ እኛ ነበርን ብስክሌት የምንጋልብ፣
ከዚያ ወዲህ እሱ፣ ጫንቃችን ላይ ጉብ።
ባሕር ዛፉ አልቆ ንፋሱ ሲጀምር
አራጋው (አስተማሪ ነው፣ ቅዳሜም አያርፍ)
ጥቁሩን ቋጥኝ ቆረቆረው በጣቱ፦
«ይሄ ሁሉ ቀልጦ የፈሰሰ ነው። እሳት ነው ጥንቱ።
ከመሬት ሆድ ገንፍሎ፣ እንደ አጥሚት ሲንተከተክ፣
ገና ሰው የሚባል ሳይኖር።»
ሙህዬ መዳፉን አለቱ ላይ አኖረ።
ቆየ።
«በርዷል» አለ፣ እንደ ሐኪም።

ማታ ከተማዋን ከላይ ሆነን ለየን፦
ያ ሆጤ፣ ያ ሮቢት፣ ያ ደግሞ ፒያሳ፤
መብራት ሄደ። ደሴ ባንድ አፍታ ተረሳ።
የቀረው ጅብ ብቻ፣ በገራዶ በኩል፣
ስም እንደሚጠራ ሰው ደጋግሞ ሲጮኽ።

ድንኳን ውስጥ ገብቼ ባትሪዬን ሳበራ፣
ከጨርቁ ግድግዳ፣ በስክሪብቶ የተሠራ
መስመር አየሁ፦ አራት ቁም፣ አንድ አግድም፣
አራት ቁም፣ አንድ አግድም፣
ጥግ ድረስ ቢከተሉት አያልቅም።
ከላዩ «ቁጥር አርባ አንድ»፣ የደበዘዘ ማኅተም።

«የኔ ጽሑፍ ነው» አለ ሙህዬ።
«ከቆቦ ስንመጣ፣ በዚያ ክፉ ክረምት፣
ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ።
ሰባት ነበርን እዚህ ውስጥ፣ እናቴን ጨምሮ።
ጎናችን የሚያርፈው በተራ ነበረ።
አንድ ሌሊት እንኳ እግሬን ዘርግቼ አላውቅም።
ሁለቴ ልሸጠው አወጣሁት፤ ሁለቴ መለስኩት።
አንድ ቀን ልዘርጋበት ብዬ ነው።»

ዘረጋ።
ረጅም ነው ሙህዬ፤ ከነካልሲው እግሩ
ውጭ ወጥቶ አደረ፣ አልፎ ከነበሩ።
ንጋት ላይ ውርጭ ይዞት፣ አውራ ጣቱ ቀልቶ፣
ያን እግሩን እያሸ ሳቀ፣ እንባው መጥቶ።
እኛም ሳቅን። አራጋው ካልሲውን አውልቆ ሰጠው፣
የራሱ ግን ቀዳዳ ነበር።

እሑድ ቁልቁለት ነው። ሐረጎ ጉም ለብሶ፣
የፍሬን ጎማ ሽታ፣ ጣቴ በብርድ ደንዝዞ፣
ትናንት ሦስት ሰዓት ያላበን ዳገት
ባርባ ደቂቃ አለቀ፣ ሳንታኘክ እንደ መዋጥ።
ሙህዬ ከፊቴ፣ ፔዳሉን ትቶት፣
ሁለት እግሩን ግራና ቀኝ ዘርግቶ።

ድንኳኑን ከነጤዛው፣ ይድረቅ ብዬ፣ ግቢ ተከልኩት።
እትዬ ጀማነሽ መጥተው ዞሩት፣ ጨርቁን ዳሰሱት።
«ስንት ሰው ይይዛል?»
«ሦስት» አልኩ። ቆየሁና፣ «ሰባት።»
ጫማቸውን አወለቁ፣ ጎንበስ ብለው ገቡ፣
ጥቂት ዝም አሉ።
ከዚያ በድንኳኑ በር፣ ቀስ ብለው፣
ሁለት ተረከዞች ወጡ።